ነፋስና የባሕር ውሃ፤ የፕሮፌሰር ኤክማን ሕይወት

በመኸር ጊዜ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ገበሬው የተወቃውን እህል በላይዳ አንሥቶ ለነፋስ ሲሰጠው እብቁ ነፋሱን ተከትሎ ይሄዳል። ይህን እያየን ስላደግን የባሕርም ውሃ ነፋስ በገፋው በኩል ቀጥ ብሎ የሚሄድ ይመስለን ነበር። እንዲህ አለመሆኑን በሒሳብ ያስረዱት ስዊድናዊው ቫግን ቫልፍሪድ ኤክማን ናቸው።

ኤክማን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1874 በስቶክሆልም ተወለዱ። አባታቸውም የባሕር ተመራማሪ ነበሩ። ልጅየው በኡፕሳላ ዩኒቨርስቲ ተማሪ ሳሉ የኖርዌያዊው የናንሰን ጥያቄ በመምህሩ በቢየርክነስ በኩል ደረሳቸው። የናንሰን መርከብ ፍራም ከ1893 እስከ 1896 በሰሜን ዋልታ ባሕር በበረዶ ተይዛ ስትንሳፈፍ፥ በረዶው ከነፋሱ አቅጣጫ ከ20 እስከ 40 ዲግሪ ወደ ቀኝ ያዘነብል ነበር። ናንሰን ምክንያቱ የምድር መዞር ነው ብለው ቢገምቱም ሒሳቡን የሚሠራላቸው ሰው ፈለጉ። በዚያች መርከብ ያልተሳፈረ ተማሪ በወረቀትና በእርሳስ መልሱን ማግኘቱ፥ እኛንም ተማሪዎች ነንና፥ እጅግ አስደንቆናል።

መልሱ በ1905 በሰፊው ታተመ። ነፋስ የላይኛውን ውሃ ይገፋል፤ ምድር ስለምትዞር ውሃው በሰሜናዊው ንፍቀ ክበብ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። የላይኛው የታችኛውን ይጎትታል፤ የታችኛውም እየደከመ ይበልጥ ወደ ቀኝ ይዞራል። ሁሉም ሲደመር ውሃው የሚጓዘው ከነፋሱ በ90 ዲግሪ ወደ ቀኝ ነው። (ይህን ለመረዳት ሥዕሉን ደጋግመን መሣል አስፈልጎናል።) በየብስ ዳር ባለው ጥልቀት የሌለው ባሕር ግን ወለሉ ውሃውን ስለሚይዘው መዞሩ ይቀንሳል፤ ውሃው ወደ ነፋሱ መንገድ ይጠጋል።

ኤክማን የባሕርን ውሃ ፍሰት ፍጥነትና አቅጣጫ የሚለካ መሣሪያም ሠርተዋል። ከ1910 እስከ 1939 በሉንድ ዩኒቨርስቲ አስተማሩ። ፒያኖ መጫወት ይወዱ ነበር። በ1954 ዐረፉ።

ሥራቸው ለእኛ ሩቅ አይደለም። በአገራችን ክረምት በሚሆንበት ወራት ከደቡብ ምዕራብ የሚነሣው ነፋስ የሶማሊያን ጠረፍ ተከትሎ ይነፍሳል። የላይኛው ሞቃት ውሃ ወደ ቀኝ፥ ማለት ከየብሱ ወደ ውቅያኖሱ ይሸሻል። በምትኩ ከሥር ቀዝቃዛ ውሃ ይወጣል፤ ሙቀቱም በአንዳንድ ስፍራ ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ይወርዳል። ይህ ውሃ ከጥልቁ የሚያመጣው ምግብ ጥቃቅኑን የባሕር ዕፅዋት ያበዛል፤ ዓሣውም እነርሱ ወዳሉበት ይሰበሰባል።