የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ የሕይወት ታሪክ

በዛሬው ዘመን በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ ዘፈን መስማት ለፈለገ ሰው የእጅ ስልኩን መንካት ይበቃዋል። የኢትዮጵያ ዘፈን መጀመሪያ በሸክላ የተቀረጸው ግን ዛሬ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የተቀረጸውም በአገራችን ሳይሆን በጀርመን አገር ነበር። ዘፋኙ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ይባላሉ። ታሪካቸው ለእኛ ለተማሪዎች የሚያስተምረው ነገር ስላለው በአጭሩ እንደሚከተለው እናቀርበዋለን።

ነጋድራስ ተሰማ በ1869 ዓ.ም. ገደማ በሸዋ፥ በምንጃር ተወለዱ። ለአቅመ አዳም የደረሱት በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ነው። በጨዋታ አዋቂነታቸውና በግጥም ችሎታቸው የታወቁ ነበሩ። በተለይም ሰምና ወርቅ ያለበትን ግጥም በአማርኛ ማፍሰስ ይችሉበት ነበር። የቅኔ አገር በሆነው በጎጃም ያደገ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ከላይ የሚሰማው ቃል ሰም፥ በውስጡ የተሸሸገው ምስጢር ደግሞ ወርቅ ይባላል።

በዚያ ዘመን አዝማሪ በሠርግና በግብር ላይ በደስታ ይሰማ ነበር እንጂ ሙያው አይከበርም ነበር። ሰው ሁሉ ዘፈኑን እየወደደ ዘፋኙን ይንቅ ነበር። ተሰማ ግን ዘፈን መተዳደሪያቸው ሳይሆን፥ የቤተ መንግሥት ሰው ሳሉ፥ ማሲንቆ ይዞ መዝፈንን አላፈሩበትም።

በ1900 ዓ.ም. ገደማ የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች አዲስ አበባ ገቡ። አፄ ምኒልክም አዲሱን መኪና የሚነዳና የሚጠግን ኢትዮጵያዊ እንዲኖር ፈልገው ተሰማን ወደ ጀርመን አገር ላኳቸው። ተሰማ የመኪና ትምህርት ሊማሩ ሄደው ሳለ፥ በዚያው ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ። ስመ ጥሩው የኢጣልያ ድምፃዊ ኤንሪኮ ካሩሶ በሚላኖ ከተማ በሸክላ ከዘፈነ ገና ጥቂት ዓመታት ብቻ አልፈው ስለ ነበር፥ ኢትዮጵያ ከዓለም ብዙ ወደ ኋላ አልቀረችም ማለት ነው።

የዚያን ጊዜ አቀራረጽ ቀላል አልነበረም። የኤሌክትሪክ ማይክሮፎን አገልግሎት ላይ አልዋለም። ዘፋኙ በትልቅ ቀንድ መሰል መለከት ፊት ቆሞ በሙሉ ድምፁ ይዘፍናል፤ የድምፁ ኃይል መርፌውን እያንቀጠቀጠ በሚሽከረከር ሰም ላይ መስመር ያስጭረዋል። ከሰሙም የብረት ቅርጽ ይወጣና ሸክላው በዚያ ይታተማል። በአንዱ ገጽ የሚያዘው ሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ ሌሊቱን ሙሉ የሚዘለቀውን የማሲንቆ ጨዋታ በሦስት ደቂቃ መወሰን ምን ያህል ብልሃት እንደሚጠይቅ አንባቢ ይፍረድ። ተሰማ ግን ከ10 የሚበልጡ ሸክላዎች አስቀርጸው ተመለሱ።

ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ የልጅ ኢያሱ የቅርብ ወዳጅ ሆኑ፤ የነጋድራስነትም ማዕረግ አገኙ። ነገር ግን ሹመት እንደ ጥዋት ጤዛ ነው። ልጅ ኢያሱ በመስከረም ወር 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ የተሰማም ዕድል አብሮ ወረደ፤ ሀብታቸውንም አጡ፤ እስራትም ደረሰባቸው። በ1914 ዓ.ም. መጀመሪያ ልጃቸው ይድነቃቸው በጅማ ተወለደ። ይህ ልጅ አድጎ፥ ኢትዮጵያ በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ ያሠለጠኑት፥ ኋላም እስከ ዕለተ ሞታቸው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የነበሩት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። አባትየው በዘፈን፥ ልጅየው በእግር ኳስ ስማቸውን ተከሉ።

ነጋድራስ ተሰማ በ1957 ዓ.ም. በ88 ዓመት ዕድሜያቸው ገደማ አረፉ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በ1961 ዓ.ም. አምሃ እሸቴ በአዲስ አበባ ሸክላ ማሳተም ጀመሩ፤ የእነ ዓለማየሁ እሸቴ ዘመናዊ ዘፈንም በሸክላ ወጣ። የተሰማ ዘፈኖች ደግሞ ከተቀረጹ ከመቶ ዓመት በኋላ ተሰብስበው፥ ኢትዮጲክስ በተባለው የፈረንሳይ አገር ኅትመት በ27ኛው ቁጥር ዳግመኛ ታተሙ።

እንግዲህ ልብ እንበል። ሹመቱ ተሻረ፤ ሀብቱ ጠፋ፤ ድምፁ ግን ቀረ። የቀረውም ስለ ተቀረጸ ነው። በእኛ በአዊ አገር በሠርግ፥ በፈረስ ጉግስ በዓልና በአዝመራ ጊዜ በአዊኛ የሚዘፈነውን የሚያውቁ አረጋውያን ዛሬም አሉን። እነርሱ ሲያልፉ ያልተቀረጸው ዘፈን አብሯቸው ያልፋል። ተሰማ ድምፃቸውን ለማስቀረጽ የባሕር ማዶ ቀንድ መለከት አስፈልጓቸው ነበር፤ ለእኛ ግን መቅረጫው በየኪሳችን ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ተማሪ በመጪው ክረምት ወደ ቤቱ ሲገባ ከአያቱ አንድ ዘፈን፥ ከነትርጉሙና ከነዘፋኙ ስም፥ ቀርጾ ለትምህርት ቤቱ ቢያስረክብ ለሚመጣው ትውልድ ትልቅ ውለታ ይሆናል።