ቅድስት ተሬዛ ዘሊዝዩ በገዳም የኖረችው ዘጠኝ ዓመት ተኩል

ስለ ገዳም ሲነሣ ብዙዎቻችን ወጣቶች በአሳባችን የምንሥለው ከዓለም ሁከት የራቀ፣ ጸሎት ያለ ድካም የሚፈስበት ጸጥተኛ ስፍራ ነው። መነኩሲት ስትጸልይ ልቧ ዘወትር የሚቃጠል፣ እንቅልፍም የማይደፍራት ይመስለናል። የፈረንሳይዋን መነኩሲት የቅድስት ተሬዛን ሕይወት ቀረብ ብለን ስንመለከት ግን ያ ሥዕላችን ብዙ የጎደለው ሆኖ እናገኘዋለን። ከዚህ በታች ዘመኑን በአውሮፓውያን፣ ሰዓቱን በአገራችን አቆጣጠር እናስቀምጣለን።

ተሬዛ ማርታን ጃንዋሪ 2 ቀን 1873 በአላንሶን ከተማ ተወለደች። አባቷ ሉዊ ሰዓት ሠሪ፣ እናቷ ዜሊ ደግሞ የዳንቴል ባለሙያ ነበሩ። ከወለዷቸው ዘጠኝ ልጆች ያደጉት አምስት ሴቶች ብቻ ሲሆኑ አምስቱም ኋላ መንነዋል። ተሬዛ የሁሉም ታናሽ ነበረች። ገና አራት ዓመት ተኩል ሲሆናት እናቷ በጡት ነቀርሳ ሞቱና ቤተሰቡ ወደ ሊዝዩ ተዛወረ። እንደ እናት ሆና የያዘቻት ታላቅ እኅቷ ፖሊን በ1882 በዚያው ከተማ ወዳለው የቀርሜሎስ ገዳም በገባች ጊዜ ልጅቱ እናቷን ሁለተኛ ያጣች ያህል አዘነች። በአሥራ አራት ዓመቷ እርሷም ልግባ ብላ ጠየቀች፤ የቤተ ክርስቲያን አለቆች ግን ዕድሜዋን አይተው ከለከሏት። በኖቬምበር 1887 ከአባቷ ጋር ሮም ሄዳ በርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 13ኛ ፊት ተንበረከከችና፣ መናገር የተከለከለ ሆኖ ሳለ፣ ልመናዋን አቀረበች። ዘበኞቹ ናቸው አንሥተው ያስወጧት። በመጨረሻ ተፈቅዶላት አፕሪል 9 ቀን 1888 በአሥራ አምስት ዓመቷ የገዳሙን ደጃፍ አለፈች።

በውስጡ ሃያ ስድስት ያህል መነኮሳይት ነበሩ። የሚኖሩትም የአቪላዋ ቅድስት ተሬዛ በ1562 በእስፓኝ አገር በጀመረችው የተሐድሶ ሥርዐት ነው። በበጋ ደወሉ የሚደወለው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ45 ላይ ነው። በ11 ሰዓት ሁሉም በጸሎት ቤት ተሰብስበው ለአንድ ሰዓት ያህል በዝምታ የልብ ጸሎት ያደርሳሉ። ከዚያ የሰዓታት ጸሎት ይከተላል፤ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ቅዳሴ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ሥራ፣ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ምሳ፣ ቀጥሎም የአንድ ሰዓት ጨዋታ። አዎን፣ ጨዋታ! እጃቸው ስፌት እየሠራ አፋቸው ይጫወታል፤ ይህንን ያዘዘችው ራሷ የአቪላዋ ተሬዛ ናት። ከቀኑ 8 ሰዓት የሠርክ ጸሎት፣ 11 ሰዓት ሁለተኛው የልብ ጸሎት፣ 12 ሰዓት እራት፣ ደግሞም ጨዋታ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ታላቁ ዝምታ ይወርዳል። በ3 ሰዓት እንደገና ተሰብስበው የሌሊቱንና የንጋቱን ጸሎት ካደረሱ በኋላ ወደ መኝታ የሚሄዱት ወደ 5 ሰዓት ገደማ ነው። ለሌሊቱ ማነስ ማካካሻ የቀትር ዕረፍት ነበራቸው፤ በክረምትም የሚነሡት አንድ ሰዓት ዘግይተው ነው።

የሰዓታቱ ጸሎት በሙሉ በላቲን ሲሆን አብዛኞቹ መነኮሳይት ላቲን አያውቁም ነበር። ግዕዝ ሳይማር ከቅዳሴ የሚቆም ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ተሬዛ ይህን የማኅበር ጸሎት ትወደው ነበር። ብቻዋን መቁጠሪያ መድገም ግን እጅግ ይከብዳት፣ አሳቧም ይበተንባት እንደ ነበረ ሳትደብቅ ጽፋለች።

የተኙት በገለባ ፍራሽ ላይ ነው። ሥጋ ለታመመ ካልሆነ አይበላም፤ ከመስቀል በዓል ከሴፕቴምበር 14 ጀምሮ እስከ ፋሲካ ድረስም ይጾማሉ። የኖርማንዲ ብርድ አጥንት ሰርስሮ የሚገባ ሲሆን እሳት የሚነድበት ክፍል በገዳሙ ሁሉ አንድ ብቻ ነበር። ተሬዛ ሌሊቱን ስትንቀጠቀጥ ታድር ነበር፤ ከሁሉ የከበዳትም ብርዱ እንደ ነበረ የተናገረችው በሞት አልጋዋ ላይ ሆና ነው።

ወጣቶች ሁላችን ልብ ልንለው የሚገባ ነገር ግን ሌላ ነው። ተሬዛ በልብ ጸሎት ሰዓት እንቅልፍ ይጥላት ነበር፤ ይህም የአንድ ሰሞን ሳይሆን የሰባት ዓመት ነገር ነው። ለፈተና ሲያነብ አድሮ በማለዳ ለጸሎት የቆመ ተማሪ ይህን ያውቀዋል። ሳይተኛ ሲቀር ደግሞ ውስጧ ደረቅ ነበር፤ ምንኩስናዋን ባጸናችበት በ1890 የገባችበት ሱባኤ እንኳ ያለ አንዳች መጽናናት አለፈ። ስለዚህ ተስፋ አልቆረጠችም። ወላጅ የተኛ ልጁን ከነቃው አሳንሶ አይወድም ስትል አሰበች፤ ደወሉ ሲደወልም ተነሥታ ሄደች። እኛ ከሕይወቷ ሁሉ ትልቁ ነገር ይህ ይመስለናል፤ ጽጌረዳ ታቅፋ ፈገግ የምትልበት ሥዕል ይህን አይነግረንም።

እኅቶቿም ቢሆኑ ሰዎች ነበሩ። በማታው ጸሎት ከኋላዋ የምትቀመጥ አንዲት መነኩሲት ሁለት ዛጎሎች ሲፋተጉ የሚመስል ድምፅ ታሰማለች። ተሬዛ ዞር ብላ ልታያት እየፈለገች ራሷን ትገታለች፤ ከመታገሏ ብዛት ላብ ያጠምቃት ነበር። በመጨረሻ ድምፁን ላለመስማት መታገሉን ትታ እንደ ጥሩ ዜማ ልታዳምጠው ወሰነች፤ የዚያን ሰዓት ጸሎቷ ይኸው ነበር። ሌላዋ ሕመምተኛ አሮጊት ነበሩ። ከእራት በፊት አሥር ደቂቃ ሲቀር ከጸሎት ተነሥታ፣ ከኋላ መቀነታቸውን ይዛ ወደ ማዕድ ቤት ታደርሳቸዋለች። ፈጠን ስትል ልትጥይኝ ነው፣ ቀስ ስትል ደግሞ ለቀቅሽኝ እያሉ ይቆጧታል። ካደረሰቻቸው በኋላ እጅጌያቸውን ታጥፍላቸዋለች፤ ዳቦ መቁረስ እንደሚያስቸግራቸው ባየች ጊዜም ማንም ሳያዛት ትቆርስላቸው ጀመር። አሮጊቷ ወደዷት።

በ1892 መጀመሪያ ኢንፍሉዌንዛ ገዳሙን ሲመታ ቆመው ከቀሩት ጥቂቶች አንዷ ተሬዛ ነበረች፤ ሕመምተኞችን አስታመመች፣ የሞቱትንም ገነዘች። በእነዚያ ሳምንታት በየቀኑ መቁረብ ተፈቀደላት። ይህ በዚያ ዘመን ብርቅ ነበር፤ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አዘውትሮ መቁረብ በሰፊው የተፈቀደው በ1905 ነውና።

በ1896 የጸሎተ ሐሙስ ሌሊት ከተኛች በኋላ አንድ ትኩስ ነገር ወደ አፏ ወጣ። መብራቱን አጥፍታው ስለ ነበር ለማየት አልተነሣችም። ነግቶ ስታየው ደም ነው፤ የሳንባ ነቀርሳ ነበር። የስቅለቱን ጾምና ሥራ እንደ ሌሎቹ ፈጸመች። ከጥቂት ቀናት በኋላ በፋሲካው ሰሞን ከሕመሙ የባሰ መጣ፤ ከሞት በኋላ ምንም የለም የሚል ጨለማ አሳቧን ከደነው። ይህም እስከ ዕለተ ሞቷ ድረስ ለአሥራ ስምንት ወራት ያህል ቆየ። ጸሎተ ሃይማኖትን በደሟ ጽፋ በደረቷ ላይ ይዛው ትዞር ነበር። አቅም እስካላት ድረስ ከሰዓታቱ አልቀረችም፤ በሌሎቹ መነኮሳይት ዘንድም ደስተኛ ትመስል ስለ ነበር ብዙዎቹ የደረሰባትን አላወቁም።

በጁላይ 1897 ወደ ሕሙማን ክፍል ተወሰደች። አንድ ቀን እዚያ ተኝታ ሳለች፣ ሁለት መነኮሳይት ሲነጋገሩ በመስኮት ሰማች። አንዷ፣ እኅት ተሬዛ መሞቷ ነው፤ እመምኔታችን ስለ እርሷ ምን ብለው ሊጽፉ ይሆን፣ የሚጻፍ ነገር አልሠራችም እኮ እያለች ትጨነቅ ነበር። አንዲት መነኩሲት ስትሞት አጭር የሕይወት ታሪኳን ጽፎ ለሌሎቹ የቀርሜሎስ ገዳማት መላክ ልማድ ነውና። ተሬዛም በሰማችው ተደሰተች። ሴፕቴምበር 30 ቀን ምሽት በሃያ አራት ዓመቷ ዐረፈች። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ቀን በአጭሩ ጽሑፍ ፈንታ፣ በእመምኔቶቿ ትእዛዝ የጻፈቻቸው ማስታወሻዎች ታርመው በ2000 ቅጂ ታትመው ወጡ።