ጥቁርና ነጭን ጎን ለጎን ያስቀመጠው ጫማ ሻጭ

ወዳጆቻችን፣ እስቲ ዛሬ ወደ ኒውዮርክ እንውሰዳችሁ። ዘመኑ 1930ዎቹ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በከተማዋ ስሙ የገነነ ናይት ክለብ አለ፤ ኮተን ክለብ ይባላል። መድረኩ ላይ የሚጫወቱት እነ ዱክ ኤሊንግተን ናቸው፣ ሁሉም ጥቁሮች። ክለቡ የተከፈተውም ጥቁሮች በሚኖሩበት በሃርለም ሰፈር ነበር። ጥቁር ሆኖ ለመዝናናት የመጣ ሰው ግን ወይ በር ላይ ይመለሳል፣ ወይ ከኋላ፣ ከምሰሶ ጀርባ ይቀመጣል።

ይህን ዓይቶ አንጀቱ ያረረ አንድ ጫማ ሻጭ ነበር። ስሙ ባርኒ ጆሴፍሰን።

ባርኒ በ1902 በኒው ጀርሲ፣ ትሬንተን ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ ከላትቪያ የተሰደዱ አይሁዶች ናቸው። አባቱ ጫማ ሰፊ ነበር፤ ባርኒ ገና ጨቅላ ሳለ ሞተ። እናቱ ልብስ እየሰፋች ስድስት ልጆች አሳደገች፣ እሱ የመጨረሻው ነው። ወንድሙ ሊዮን ተምሮ ጠበቃ ሲሆን ባርኒ ጫማ ንግድ ውስጥ ቀረ። የሙዚቃ ትምህርት የለው፣ የክለብ ልምድ የለው፣ ገንዘብማ ከየት ይምጣ! ጃዝ ግን ነፍሱ ነበር።

በ1938 መጨረሻ ከሊዮን ጓደኞች 6,000 ዶላር ተበድሮ፣ በግሪንዊች ቪሌጅ ሸሪዳን አደባባይ አንድ ምድር ቤት ተከራየና ካፌ ሶሳይቲን ከፈተ። ስሙ ራሱ ሽሙጥ ነው። ካፌ ሶሳይቲ የሚባሉት ያኔ ከክለብ ክለብ እየዞሩ ፎቷቸው ጋዜጣ ላይ የሚወጣ ሀብታሞች ነበሩ። ባርኒ በሩ ላይ የተቦጫጨቀ ልብስ የለበሰ ዘበኛ አቆመላቸው፤ ግድግዳውን ደግሞ በእነሱ በሚያሾፉ ሥዕሎች አስሞላው።

ዋናው ነገር ግን ወንበሩ ነበር። ጥቁር እንግዳ ሲመጣ ወደ ኋላ አይላክም፤ ፊት ለፊት ካለው ጥሩ ጠረጴዛ ይሰጠዋል። ከጥቁር ጎን አልቀመጥም ያለ ነጭ ካለ፣ መውጫው ያውና! ልብ በሉ፣ በኒውዮርክ እንዲህ ያለውን አድልዎ የሚከለክል ሕግ ከድሮም ነበር። ሕጉ ወረቀት ላይ ተኝቶ ሳለ አንድ ባለቤት በየምሽቱ በተግባር ማዋሉ ነው እኛን የገረመን።

የመክፈቻው ዘፋኝ ቢሊ ሆሊዴይ ነበረች፣ ያኔ የ23 ዓመት ልጅ። በ1939 ኤቤል ሚሮፖል የተባለ አስተማሪ ስትሬንጅ ፍሩት የሚለውን ግጥሙን ይዞ መጣ። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች በመንጋ ተይዘው ዛፍ ላይ ስለሚሰቀሉ ጥቁሮች የተጻፈ ነው። ሰው ሊጠጣና ሊስቅ በመጣበት ቤት ይህ ይዘፈናል? ባርኒ እንዲዘፈን ወሰነ፣ ደንብም አወጣለት። ዘፈኑ ሁሌ የመጨረሻ ይሆናል። አስተናጋጆች መጠጥ ማቅረብ ያቆማሉ። መብራት ሁሉ ይጠፋና ፊቷ ላይ ብቻ ትንሽ ብርሃን ይቀራል። ስትጨርስ ትወጣለች፣ የቱንም ያህል ቢጨበጨብ አትመለስም። የራሷ ሙዚቃ አሳታሚ ኮሎምቢያ አልቀዳም ብሏት ዘፈኑ ኮሞዶር በተባለ ትንሽ አሳታሚ ነው የተቀዳው።

ከቢሊ በኋላ እነ ሊና ሆርን መጡ። በልጅነቷ ከትሪኒዳድ የመጣችው ፒያኒስት ሄዘል ስኮትም የክለቡ ኮከብ ሆነች። በ1940 ባርኒ በሀብታሞቹ ሰፈር በ58ኛው መንገድ ሁለተኛ ክለብ ከፈተ፤ ያው ደንብ እዚያም ይሠራል። ሄዘል በ1945 የኮንግረስ አባሉን አዳም ክሌይተን ፓዌልን ስታገባ ድግሱ የተደገሰው እዚሁ ነበር።

ከዚያ 1947 መጣ፤ ኮሚኒስት የማደን ዘመን። ኮሚኒስት የነበረው ወንድሙ ሊዮን በኮንግረስ ኮሚቴ ፊት አልመሰክርም አለና ተፈረደበት፣ ታሰረም። የጋዜጣ ወሬ ጸሐፊዎች ግን በሊዮን አላበቁም፣ ወደ ባርኒ ዞሩ። እዚያ ክለብ መታየት የሚያስፈራ ሆነ። ደንበኛው ቀረ፣ ዕዳው ተቆለለ፤ ብዙም ሳይቆይ ሁለቱም ክለቦች ከእጁ ወጡ። እውነቱን ለመናገር እዚህ ጋ ስንደርስ እኛም ተናደድን። የተከሰሰው ወንድምየው፣ የተዘጋው የሱ ቤት!

ባርኒ ወደ ምግብ ቤት ሥራ ገባ። ኩከሪ የተባለ ምግብ ቤት ከፍቶ ሀምበርገር ሲሸጥ ዓመታት አለፉ። በ1970 የድሮ ወዳጁ ፒያኒስቷ ሜሪ ሉ ዊልያምስ ሥራ ፍለጋ መጣችና ፒያኖ አስገባ በሚል ያዘችው። አስገባ። ሙዚቃም ወደ ቤቱ ተመለሰ።

በ1977 ደግሞ አልበርታ ሀንተር መጣች። በወጣትነቷ ዝነኛ የብሉዝ ዘፋኝ ነበረች፤ ከዚያ መድረኩን ትታ ሃያ ዓመት ያህል በነርስነት ሠርታለች። ሆስፒታሉ ጡረታ ያወጣት 70 ዓመት ሞልቷታል ብሎ ነው። እሷ ግን ዕድሜዋን ደብቃ ኖሮ 82 ሞልቷት ነበር! ባርኒም ራሱ ሰባዎቹን አጋምሷል። መድረኩን ሰጣት። የሌሊቱ ቤት እንደገና ሞላ፣ አልበርታም በ1984 እስክትሞት ድረስ መዝፈኗን አላቆመችም።

ባርኒ በ1988 በ86 ዓመቱ አረፈ። የሸሪዳን አደባባዩ ምድር ቤት በኋላ ቲያትር ቤት ሆነ።