እቴጌ ጣይቱ፥ የመቀሌ ውሃና የሲኒማ እውነት

ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ምን እናበርክት ብለን እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በተመካከርን ጊዜ፥ አብዛኞቻችን የተስማማነው በ1888 ዓ.ም. በከተማችን በመቀሌ የተደረገውን ከበባ የሚያሳይ አጭር ፊልም ለመሥራት ነበር። የፊልሙም ዋና ሰው እቴጌ ጣይቱ ብጡል እንዲሆኑ ወሰንን። ነገር ግን ሥራው ገና ሳይጀመር በመካከላችን ክርክር ተነሣ። አንዳንዶቹ ጓደኞቻችን እቴጌይቱ በፈረስ ተቀምጠው፥ ጎራዴ መዝዘው ወደ ምሽጉ ሲገሠግሡ፥ በመጨረሻም ምሽጉ በእሳት ሲጋይ እንዲታይ ፈለጉ። ሌሎቻችን ደግሞ ያልተደረገውን እንደ ተደረገ አድርገን ብናሳይ በሙታን ላይ በሐሰት መመስከር ይሆንብናል ስንል ተቃወምን። ስለዚህ ካሜራውን አስቀምጠን አስቀድመን የእቴጌይቱን ታሪክ ለመመርመር ተስማማን። ያገኘነውንም ለአንባብያን በአጭሩ እናቀርባለን።

እቴጌ ጣይቱ የደጃዝማች ብጡል ኃይለ ማርያም ልጅ ናቸው። አጎታቸው ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ሰሜንንና ትግራይን ብዙ ዘመን ከገዙ በኋላ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ በካሣ ኃይሉ፥ ማለት በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ በተባሉት፥ ድል ሆኑ። እንግዲህ የእቴጌይቱ ቤተ ሰብ ከታላቅነት ወደ መከራ የወረደ ቤተ ሰብ ነበር። እሳቸው ግን በዚያ ዘመን ለሴት ልጅ እምብዛም ያልተለመደውን ትምህርት ቀስመው ንባብንና ጽሕፈትን፥ ግእዝንም ጭምር ያውቁ ነበር፤ በገናም ይደረድሩ ነበር ይባላል። በ1875 ዓ.ም. የሸዋውን ንጉሥ ምኒልክን አገቡ። ከጥቂት ዓመት በኋላም ከእንጦጦ በታች ፍል ውሃ ካለበት ሜዳ ላይ ለተቆረቆረችው ከተማ አዲስ አበባ የሚለውን ስም ያወጡ እሳቸው ናቸው። ዐፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. በጥቅምት ወር በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ሲነግሡ፥ ጣይቱም ከሁለት ቀን በኋላ እቴጌ ተብለው ዘውድ ጫኑ።

ከኢጣልያ መንግሥት ጋር የተደረገው የውጫሌ ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው አንድ ነገር፥ በኢጣልያንኛው ሌላ ነገር ማለቱ በታወቀ ጊዜ፥ የአገሪቱ ነፃነት በቃል እንዳይሸጥ አጥብቀው ከተከራከሩት መካከል እቴጌይቱ ዋነኛዋ ነበሩ። ነገሩ በውይይት ሳያልቅ ቀረና ወደ ጦርነት ደረሰ። በጥቅምት ወር 1888 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ሰሜን ሲዘምቱ እቴጌ ጣይቱም የራሳቸውን ጦር አሰልፈው አብረው ተነሡ።

ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. በአምባላጌ የነበረው የኢጣልያ ጦር ተሸንፎ አዛዡ ሻለቃ ቶዜሊ ከሞተ በኋላ፥ ጦርነቱ ወደ ከተማችን መጣ። ኢጣልያኖች በመቀሌ በእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ላይ ምሽግ ሠርተው ነበር። ይህ ቦታ ዛሬ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያለበት ስለ ሆነ፥ ብዙዎቻችን በዚያ ለመማር ተስፋ እናደርጋለን። የምሽጉ አዛዥ ሻለቃ ጋሊያኖ ይባል ነበር። ከእርሱ ጋር ከነበሩት ከ1,000 የሚበልጡ ሰዎች ኢጣልያኖቹ 200 ያህል ብቻ ሲሆኑ፥ የቀሩት ከዚሁ ከአገራችንና ከባሕር ምላሽ ወገን የተቀጠሩ አስካሪዎች ነበሩ።

የኢትዮጵያ ሠራዊት ምሽጉን በድፍረት ገፋ፤ ነገር ግን በድንጋይ ካብና በመድፍ የተጠበቀ ስለ ነበር ብዙ ጀግና ከኮረብታው ሥር ወደቀ። በዚህ ጊዜ ነው እቴጌ ጣይቱ ሌላ ዘዴ ያመጡት። ምሽጉ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ቢሆንም የሚጠጣው ውሃ ከግንቡ ውጭ፥ ከታች ከሸለቆው ምንጭ ይቀዳ ነበር። ያ ምንጭ እንዲያዝ የመከሩት፥ ከራሳቸውም ወታደሮች ልከው ያስያዙት እሳቸው እንደ ሆኑ የአገራችን ታሪክ ጸሐፊዎች ይመሰክራሉ። ወታደሮቹም ቀንና ሌሊት እየተተኮሰባቸው ምንጩን ሳይለቁ ጠበቁ። በመጽሐፈ ዮዲት ሆሎፎርኒስ የእስራኤልን ከተማ ውሃ እንደ ያዘባት የተማርን ሁሉ፥ ጥማት ከሰይፍ የበረታ መሣሪያ እንደ ሆነ እናውቃለን።

በምሽጉ ውስጥ ውሃው በስፍር ይታደል ጀመር። የጭነት እንስሳት አለቁ፤ ቁስለኞችም በጥም ተጨነቁ። ከሁለት ሳምንት ያህል በኋላ፥ በጥር ወር አጋማሽ ላይ፥ ጋሊያኖ ምሽጉን ለቀቀ። ታዲያ ምሽጉ በእሳት አልጋየም፤ ሰዎቹም አልታረዱም። በልዑል ራስ መኮንን አማካይነት በተደረገ ስምምነት የጦር መሣሪያቸውን እንደ ያዙ በሰላም ወደ ወገናቸው እንዲሄዱ ተፈቀደላቸው። ጋሊያኖም ከዚያ በኋላ ዓድዋ ላይ እንደ ገና ተሰልፎ ሞተ። ይህ ምሕረት ነበር ወይስ የጦር ስሕተት? እኛም በክፍላችን ብዙ ተከራክረንበታል፤ ነገር ግን በፊልሙ ውስጥ ከቶ ሊቀር እንደማይገባ በመጨረሻ ሁላችንም ተስማማን።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ጦርነቱ ሲፋፋም እቴጌይቱ ጥቁር ጥላ አስይዘው በእግራቸው እየተመላለሱ ሠራዊቱን ያደፋፍሩ ነበር። ከዚህም ጋር ከሰፈሩ ብዙ ሴቶችን ሰብስበው በእንስራና በገንቦ ውሃ አስይዘው ለተዋጊዎችና ለቁስለኞች እንዲያደርሱ አደረጉ። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ልብ አድርግ! በመቀሌ ውሃ የከለከለችው እጅ በዓድዋ ውሃ ያደለችው ያችው እጅ ናት። ሁለቱ ነገሮች የተደረጉት በሁለት ወር ጊዜ ውስጥ ነው። ከእነዚህ አንዱን ብቻ የሚያሳይ ሰው እቴጌ ጣይቱን አላሳየም።

ከድሉ በኋላ እቴጌይቱ በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን ሆቴል አቋቋሙ፤ ዛሬም በስማቸው ይጠራል። ዐፄ ምኒልክ በታመሙ ጊዜ የመንግሥቱን ሥራ ይመሩ ነበር፤ ነገር ግን መኳንንቱ በ1902 ዓ.ም. ከሥልጣን አራቋቸው። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ወደ እንጦጦ ወጥተው በጸሎትና በብቸኝነት ኖሩ። የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. በዚያው ዐረፉ። ዐፅማቸው በኋላ ዘመን ወደ አዲስ አበባ ወርዶ በበዓታ ለማርያም ከባለቤታቸው አጠገብ ዐርፎአል።

አሁን ወደ ሲኒማው ነገር እንመለስ። ሉሚዬር የተባሉት ወንድማማች በፓሪስ ከተማ ገንዘብ አስከፍለው ተንቀሳቃሽ ሥዕል ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳዩት ታኅሣሥ 19 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። ይህም የንጉሠ ነገሥቱ ዋና ሠራዊት መቀሌ ሊደርስ አሥር ቀን ያህል ሲቀረው መሆኑ ነው። ስለዚህ ከበባውን ያነሣ አንድም የሲኒማ ካሜራ አልነበረም። በዚህ ምክንያት የመቀሌን ከበባ በፊልም የሚያሳይ ሰው ሁሉ ከልቡ አስቦ መሥራት ግድ ይሆንበታል። ማሰብ ኃጢአት አይደለም፤ የሚበላውን፥ የሚለበሰውን፥ የፊትን መልክ አስቦ መሙላት ይቻላል። ነገር ግን ማን እንደ ነበረ፥ ምን እንደ ተደረገና ነገሩ እንዴት እንዳለቀ መለወጥ አይቻልም። ተመልካች ያነበበውን ሊረሳ ይችላል፤ በዓይኑ ያየውን ግን እንደ እውነት ይዞት ይኖራልና።

ይህን ኃይል አስቀድመው የተረዱት ወራሪዎቹ ናቸው። ፋሺስቶች አገራችንን በያዙበት ዘመን፥ እ.ኤ.አ. በ1939፥ የዐፄ ምኒልክን ዘመን የሚያሳይ አቡነ መሲያስ የተባለ ፊልም ሠርተው በቬኒስ ከተማ የሙሶሊኒን ዋንጫ ሸለሙት። በአንጻሩ በጎንደር የተወለደው ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1999 ስለ ዓድዋ ድል በሠራው ፊልም ተዋናይ አሰልፎ ጦርነቱን እንደ አዲስ ማስመሰል አልመረጠም። በሥዕል፥ በዜማ፥ በተራሮቹ መልክና በሽማግሌዎች ምስክርነት ታሪኩን ነገረን። ከዚህ እኛ የተማርነው፥ እጅ የሚያጥረው ሰው እውነትን ሳይሸጥ ሊሠራ የሚችልበት መንገድ እንዳለ ነው።

ስለ ጥማትም አንድ ነገር ጨምረን እንናገር። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ጊዜ እኛ የዛሬዎቹ ተመራቂዎች ሕፃናት ነበርን። ጄሪካን ተሸክመን ውሃ ፍለጋ ከሰፈር ሰፈር የዞርንበትን ጊዜ አልረሳነውም። ስለዚህ በምሽጉ ውስጥ የተጠማውን አስካሪ እንደ ቀልድ አድርገን ልናሳይ ልባችን አልፈቀደም። የእቴጌይቱን ብልኀት እናደንቃለን፤ አገራቸውን ከባርነት ለማዳን ያደረጉት ነውና። ነገር ግን የጥም ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ ያልታየበት ፊልም የብልኀታቸውን ክብደት ሊያሳይ አይችልም።

በመጨረሻም የደረስንበት ውሳኔ ይህ ነው። በፊልማችን ጎራዴ የመዘዘ ሰው አይታይም። መጀመሪያ ምንጩንና ጠባቂዎቹን፥ ቀጥሎ ደረቅ ከንፈር ያላቸውን የምሽጉን ሰዎች፥ ከዚያም በሩ ተከፍቶ በሕይወት ሲወጡ፥ በመጨረሻ በዓድዋ ሜዳ እንስራ የተሸከሙትን ሴቶች እናሳያለን።  ከእኛ በኋላ የሚመጡት ታናናሽ ወንድሞቻችንና እህቶቻችንም ከእኛ የተሻለ ፊልም እንዲሠሩ እንመኛለን፤ ከእውነት የራቀ ግን አይሁን።