ፀሐይን የዓይን መድኃኒት ያደረጉት ሐኪም

ፀሐይን አትኩሮ ያየ ሰው ዓይኑ እንደሚጎዳ ከልጅነታችን ጀምሮ ሲነገረን አድገናል። ይኸው ዓይን የሚያጠፋ ብርሃን መልሶ ዓይን ያድናል ቢባልስ ማን ያምናል? ነገሩ ግን እውነት ነው። ዛሬ በዓይን ክሊኒኮች የሚሰጠው የሌዘር ሕክምና የተነሣው ከዚህ ሐሳብ ነው። ሐሳቡን በሥራ ላይ ያዋሉት ጀርመናዊው የዓይን ሐኪም ጌርድ ማየር ሽቪከራት ናቸው። በዛሬው ጽሑፋችን የእኚህን ሰው ሕይወትና ሥራ ባጭሩ እናቀርባለን። ዘመኑን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ማየር ሽቪከራት በጀርመን አገር ምዕራባዊ ክፍል፣ ዛሬ የቩፐርታል ከተማ አካል በሆነችው በኤልበርፌልድ ጁላይ 10 ቀን 1920 ተወለዱ። ሕክምና አጥንተው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባበቃበት ወቅት በሐምቡርግ ጀማሪ ሐኪም ነበሩ።

ጁላይ 9 ቀን 1945፣ ማለትም ሃያ አምስት ዓመት ሊሞላቸው አንድ ቀን ሲቀር፣ የፀሐይ ግርዶሽ ሆነ። አንድ የሕክምና ተማሪ ግርዶሹን በባዶ ዓይኑ ሲመለከት ቆየና የማየት ኃይሉ ተጎዳ። ማየር ሽቪከራት የተማሪውን ዓይን በመሣሪያ ሲመረምሩ በሬቲናው መካከል የቃጠሎ ጠባሳ አገኙ። ሬቲና ማለት ከዓይን በስተኋላ የተለጠፈው፣ ብርሃን ተቀብሎ ወደ አንጎል የሚያስተላልፈው ስስ ሽፋን ነው። እንዲህ ያለ ጠባሳ ያዩ ሌሎች ሐኪሞችም ነበሩ። ማየር ሽቪከራት ግን ጠባሳውን ሲያዩ ትዝ ያላቸው ሌላ በሽታ ነው።

ያ በሽታ የሬቲና መላቀቅ ይባላል። ሬቲና በአንድ ቦታ ሲቀደድ በቀዳዳው ፈሳሽ ይገባና ከተለጠፈበት ይልጠዋል። አሁን የምታነቡት ይህ ወረቀት ማጣበቂያው ሲለቅ ከግድግዳው እንደሚላቀቀው ማለት ነው። ካልታከመ መጨረሻው ዕውርነት ነው። ቀደም ሲል የስዊትዘርላንዱ ሐኪም ዡል ጎነን ቀዳዳውን በጋለ መሣሪያ በመተኮስ መድፈን እንደሚቻል አሳይተው ነበር። ምን ያደርጋል፣ ለዚህ ዓይንን በቢላዋ መክፈት ግድ ነበር።

ታዲያ ማየር ሽቪከራት ፀሐይ ያለ ቢላዋ ጠባሳ ካበጀች፣ እኛስ ያንኑ ጠባሳ በፈለግነው ቦታ፣ በፈለግነው መጠን ለምን አናበጅም ብለው ተነሡ። እንዴት ይሆናል ትሉ ይሆናል። አጉሊ መነጽር የፀሐይን ብርሃን ሰብስቦ ወረቀት ሲያቃጥል ሁላችንም አይተናል። የዓይናችን ሌንስም ብርሃን እንዲሁ ይሰበስባል። ከሬቲና ሥር ያለው ጠቆር ያለ ሽፋን ብርሃኑን ውጦ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። በዚያች ነጥብ ያለው ሥጋ የእንቁላል ነጩ ክፍል በመጥበሻ ላይ እንደሚረጋው ይረጋል። በኋላም ጠባሳ ይሆንና ሬቲናውን ከሥሩ ካለው ሽፋን ጋር አጣብቆ ይይዘዋል።

በ1949 ሰው ማከም ሲጀምሩ መብራታቸው ራሷ ፀሐይ ነበረች። በክሊኒኩ ጣሪያ ላይ መስተዋት ተተክሎ፣ ብርሃኑ በመስተዋትና በሌንስ ተመርቶ እስከ በሽተኛው ዓይን ይወርዳል። ሐምቡርግ ግን ደመና የሚበዛባት ከተማ ናት። ሐኪሙም በሽተኛውም ተዘጋጅተው ሳለ ፀሐይዋ ትሰወራለች። ስለዚህ ብርቱ የካርቦን መብራት ሞከሩ፤ ቀጥሎም ሃንስ ሊትማን ከተባሉ የሳይስ ኩባንያ ባለሙያ ጋር ሆነው በ1950ዎቹ አጋማሽ ላይ በዜኖን ጋዝ የሚሠራ የሕክምና መብራት አበጁ። ይህም ወደ ብዙ አገሮች ሄደ። እርሳቸውም በቦን ከሠሩ በኋላ ከ1959 ጀምሮ የኤሰን የዓይን ክሊኒክ ኃላፊ ሆኑ።

በ1960 አሜሪካዊው ቴዎዶር ሜይማን የመጀመሪያውን ሌዘር ሠራ። በማግስቱ ዓመት ኒውዮርክ ውስጥ ሌዘር ለሰው ዓይን ሕክምና ዋለ። የዜኖን ብርሃን ነጭ፣ ማለትም የቀለማት ድብልቅ ነው፤ አንዷን ነጥብ ለመተኮስም ጊዜ ይወስዳል። ሌዘር ግን ባለ አንድ ቀለም ቀጭን ጨረር ስለሆነ፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ የመጣው የአርጎን ሌዘር በሰከንድ አንድ አሥረኛ ውስጥ ትንሽ ነጥብ ተኩሶ ይጨርሳል። ብዙ ሰው ሕክምናው በሌዘር የተጀመረ ይመስለዋል። የተለወጠው ግን መብራቱ ነው፤ መንገዱ አስቀድሞ ተጠርጎ ቆይቷል።

ሕክምናው በተለይ የጠቀመው የስኳር በሽተኞችን ነው። ስኳር የሬቲናን የደም ሥሮች ሲያበላሽ፣ ሬቲናው አየር ያጥረውና በቀላሉ የሚደሙ አዳዲስ ሥሮች ይበቅሉበታል። ሐኪሙ የሬቲናውን ዳር ዳር ከአንድ ሺህ በላይ በሆኑ ነጥቦች ሲተኩስ የአየር ፍላጎቱ ይቀንስና ሥሮቹ ይከስማሉ። በ1976 ይፋ የሆነ የአሜሪካ ጥናት ይህ ሕክምና ከባድ የማየት ጉዳትን ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አረጋግጧል። በነጻ የሚገኝ ግን አይደለም። በሽተኛው ከጎን የማየትና በጨለማ የማየት ኃይሉ ሊቀንስ ይችላል፤ ዳሩን ሰጥቶ መካከሉን ያተርፋል።

አንድ ነገር እንጨምር። ብርሃን ቀዳዳን ይደፍናል እንጂ የተላቀቀ ሬቲናን መልሶ አይለጥፍም፤ ያኔ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል። ስለዚህ ድንገት በዓይኑ ብልጭታ የሚታየው፣ ጥቁር ነጠብጣብ የበዛበት ወይም ከጎን እንደ መጋረጃ የሚጋርደው ሰው ነገ ዛሬ ሳይል ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

ማየር ሽቪከራት በ1992 በሰባ አንድ ዓመታቸው አረፉ። ያ ተማሪ ግን ዓይኑን የተጎዳው የሕክምና ትምህርት እየተማረ ነው። የተማረው ሰው እንዲህ ከሆነ የእኛ ሕፃናትማ ምን ይሁኑ? በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ግርዶሽ በላሊበላ ላይ እንዳለፈ እናስታውሳለን፤ ወደፊትም ይመጣል። ያን ዕለት ተማሪዎቻችን ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው፣ አንዱን ካርቶን በመርፌ በስተው፣ በቀዳዳው አልፎ ሌላ ወረቀት ላይ የሚያርፈውን የፀሐይ ምስል ይመልከቱ። ለዚህ የሚያስፈልገው መርፌ፣ ካርቶንና ቀድሞ የነገራቸው መምህር ነው። መርፌውና ካርቶኑ አይቸግርም፤ መምህሩ ደግሞ እኛ ነን።