የካውንት ራምፎርድ የሕይወት ታሪክና የሙቀት ምርምሩ

ባለፈው ዓመት በአንድ የፊዚክስ ትምህርት ሰዓት መምህራችን ጋቢ ሰውን የሚያሞቀው ስለ ምን እንደ ሆነ ጠየቁን። እኛም ሳናመነታ ጋቢ የራሱ ሙቀት ስላለው ነው ብለን መለስን። መምህሩ ፈገግ አሉና ጋቢውን ለአንድ ድንጋይ አልብሰን እንድናሳድር፣ ጧትም ድንጋዩ ሞቆ እንደ ሆነ መጥተን እንድንነግራቸው አዘዙን። ድንጋዩ እንደ ማንኛውም ድንጋይ ቀዝቅዞ አደረ። ያን ጊዜ ያፈርነው ዕፍረት ወደ ቤተ መጻሕፍት መራን፤ በዚያም ይህንኑ ጥያቄ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት አጥብቆ የመረመረ የአንድ ሰው ታሪክ አገኘን። ትምህርት ቤታችን የምሥረታውን በዓል በሚያከብርበት በዚህ መጽሔት ላይ የዚህን ሰው ሕይወት ለወላጆቻችን፣ ለመምህሮቻችንና ለጓደኞቻችን ለማቅረብ የመረጥነው ስለዚህ ነው። ዓመቶቹን የጻፍነው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ካውንት ራምፎርድ እየተባለ የሚጠራው ሰው የልደት ስሙ ቤንጃሚን ቶምሰን ነው። በ1753 ዓ.ም. በሰሜን አሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ወበርን በምትባል መንደር ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወለደ። አባቱ ገና ሕፃን ሳለ ሞተበት። 13 ዓመት ሲሆነው በሴለም ከተማ ከአንድ ነጋዴ ዘንድ ንግድ እንዲማር ተሰጠ፤ እሱ ግን ሐሳቡ ከመደብሩ ይልቅ በመሣሪያና በመጻሕፍት ላይ ነበር። ለበዓል የሚተኰስ ርችት እሠራለሁ ሲል ባሩዱ ፈንድቶበት ክፉኛ ተቃጠለ። ከዳነ በኋላም ምርምሩን አልተወም። ከአንድ የመንደሩ ልጅ ጋር በእግሩ ወደ ሃርቫርድ ኮሌጅ እየተመላለሰ የተፈጥሮ ሳይንስ ትምህርት ያዳምጥ ነበር እንጂ ለመደበኛ ተማሪነት የሚበቃ ገንዘብ አልነበረውም።

በ1772 ዓ.ም. በ19 ዓመቱ ኮንኮርድ በምትባለው የኒው ሃምፕሻየር ከተማ ሣራ ሮልፍ የተባለችውን ባለጸጋ መበለት አገባ። ሴትዮዋ በዕድሜ ከዐሥር ዓመት በላይ ትበልጠው ነበር። በ1774 ዓ.ም. ሣራ የተባለች ልጅ ተወለደችላቸው። ወዲያው በአሜሪካ ሰዎችና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል ጦርነት ተነሣ። ቶምሰን በልቡ ከእንግሊዞች ጋር ነበረ፤ በማይታይ ቀለም የጻፈው ምሥጢራዊ መልእክት እሱ ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ቈይቶ ከእንግሊዙ የጦር አዛዥ ወረቀቶች መካከል ተገኝቷል። ጐረቤቶቹ ስለ ጠረጠሩት ሚስቱንና ሕፃን ልጁን ትቶ ኰበለለ፤ በ1776 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ አገር ተሻገረ። ሚስቱን ዳግመኛ አላያትም። ይህን የምንጽፈው በሐዘን ነው፤ ነገር ግን የሰውየውን ጥበብ ብቻ ነግረን ይህን ብንደብቅ ታሪኩ ጐደሎ ይሆናል።

በለንደን በብልሃቱና በአንደበቱ ፈጥኖ ተሾመ። በ1784 ዓ.ም. ንጉሥ ጆርጅ 3ኛ የሰር ማዕርግ ከሰጠው በኋላ ወደ ጀርመን አገር ሄዶ የባቫርያ ገዥ የካርል ቴዎዶር ሹም ሆነ። እዚያ የወታደሩ ነገር በእጁ ገባ። ወታደሩ ደመወዙ ትንሽ፣ ልብሱ የሳሳ፣ ምግቡም የማያጠግብ ነበር። የሙኒክ ክረምት ደግሞ በረዶ ነው። ስለዚህ የጦር ሹሙ በትንሽ ወጪ ሰው እንዳይበርደው የሚያደርገው የትኛው ልብስ እንደ ሆነ ማወቅ ነበረበት። ሌላ ሹም ቢሆን ነጋዴዎችን ይጠይቅ ነበር፤ እሱ ግን ቴርሞሜትር አነሣ።

ሥራውን እንዲህ አደረገ። የቴርሞሜትሩን ጫፍ በአንድ ክብ ብርጭቆ መካከል አኖረና በሁለቱ መካከል ባለው ባዶ ቦታ የሚመረምረውን ነገር ሞላበት። ይህን በፈላ ውሃ ካሞቀ በኋላ በበረዶ ውሃ ውስጥ ነክሮ በሬኦሚር መለኪያ ከ70 ዲግሪ ወደ 10 ዲግሪ እስኪወርድ ድረስ ያለውን ጊዜ በሰኮንድ ቈጠረ። በመካከሉ አየር ብቻ ሲሆን 576 ሰኮንድ ፈጀ። አንድ ግራም ያህል ጥጥ ሲጨመርበት 1046፣ የበግ ጠጉር ሲሆን 1118፣ ያልተፈተለ ሐር ሲሆን 1284፣ የባሕር ዳክዬ ለስላሳ ላባ ሲሆን 1305፣ የጥንቸል ጠጉር ሲሆን 1315 ሰኮንድ ሆነ። እንግዲህ እፍኝ የማትሞላ ጠጉር ሙቀቱን ከእጥፍ በላይ አቈየችው ማለት ነው።

እኛን እጅግ ያስደነቀን የሚከተለው ነው። ጠጉሩ በብርጭቆው ውስጥ የያዘው ቦታ በጣም ጥቂት ሲሆን የቀረው ሁሉ አየር ነበር። ደግሞም ያው ሐር ተፈትሎ ክር ሲሆን ሙቀቱ ቶሎ ያመልጥ ጀመር። ከዚህ የተነሣ ቶምሰን ሙቀቱን የሚይዘው ጠጉሩ ራሱ እንዳልሆነ አስተዋለ፤ ጠጉሩ አየሩ እንዳይንቀሳቀስ አስሮ ይይዘዋል፣ የታሰረው አየር ደግሞ ሙቀቱን ይጠብቃል። የሞቀ አየር ነጻ ከሆነ ወደ ላይ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው በቦታው ይተካል፤ እንዲህ እየተመላለሰ ሙቀቱን ይዘርፋል። የእናቶቻችን ጋቢ ለስላሳና ድርብርብ የሆነው በከንቱ አይደለም። ለንደን የሚገኘው የሊቃውንት ማኅበር፣ ሮያል ሶሳይቲ፣ በ1792 ዓ.ም. ስለዚህ ምርምር ኮፕሊ የተባለውን ሜዳልያ ሸለመው። በዚያው ዘመን፣ በ1791፣ የካውንትነት ማዕርግ ተሰጥቶት ነበርና ስሙን ራምፎርድ አለ፤ ራምፎርድ ማለት ጥሏት የሄደው የሚስቱ ከተማ የኮንኮርድ የጥንት ስሟ ነው።

ሰውየው የሚመገበውን ምግብ እንኳ ያለ ምርምር አይተውም ነበር። የተቀቀለ ፖም ከሌላው ምግብ ሁሉ ይልቅ ሙቀቱን አቈይቶ አፉን ደጋግሞ ስላቃጠለው ምክንያቱን ፈለገ። ገንፎ ቸኵሎ የጐረሰ ሰው ይህን አይዘነጋውም፤ ላዩ በርዶ መካከሉ እሳት ነው። ምክንያቱም አንድ ነው፤ በፖሙም በገንፎውም ውስጥ ያለው ውሃ ታስሮ ስለ ተቀመጠ እንደ ልቡ ሊዘዋወር አይችልም። ከዚህ በኋላ በጣሊያን አገር ሲጓዝ ባይዬ በተባለው የፍል ውሃ ስፍራ ከባሕሩ ዳር እጁን ቢነክር ውሃው ቀዝቃዛ፣ ከሥሩ ያለው አሸዋ ግን እጅ የማያስቀምጥ ትኩስ ሆኖ አገኘው። በዚህ ጊዜ ግን ካውንቱ ከልክ አልፏል። ውሃና አየር ሙቀትን ከቶ አያስተላልፉም ብሎ ደመደመ፤ እውነቱ ግን በጥቂቱ ያስተላልፋሉ፤ ውሃም ከአየር ከ20 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ትልቅ ሊቅም ይሳሳታል።

በ1790 ዓ.ም. በአዲስ ዓመት ዕለት የሙኒክን ለማኞች በወታደር አስይዞ አሰባሰበ። ቍጥራቸው ከ2 ሺህ በላይ ነበር። ወደ ወኅኒ ሳይሆን ወደ ሞቀ የሥራ ቤት ወሰዳቸው፤ እየፈተሉና እየሰፉ የወታደሩን ልብስ እንዲሠሩ፣ ትኩስ ምግብም እንዲበሉ አደረገ። ያለ ፈቃዳቸው መያዛቸውን አንዳንዶቻችን አልወደድነውም፤ በዚህ ነገር በክፍላችን ብዙ ተከራክረናል። ምግቡ ከገብስ፣ ከአተርና ከድንች የተቀቀለ ሾርባ ነበር። ለዚያ ሁሉ ሕዝብ ለማብሰል ብዙ ማገዶ ስለሚያስፈልግ ካውንቱ ምድጃውን በጡብ ዙሪያውን ዘጋው፣ እሳቱንም ከድስቱ ሥር አገባው። ከሁሉ ይልቅ የተጨነቀው ስለ ክዳን ነው። ክዳኖቹን ድርብ አድርጎ በሁለቱ ቆርቆሮዎች መካከል አየር እንዲታሰር አደረገ።

ይህ የክዳን ነገር ዛሬም አላረጀም። ብርድ በሚበረታባቸው የአሜሪካና የአውሮፓ አገሮች ሰዎች በግቢያቸው የሞቀ ውሃ ገንዳ አቁመው በበረዶ መካከል ሳይቀር ይታጠቡበታል። ውሃው 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ገንዳው ሳይከደን ቢያድር አብዛኛው ሙቀት የሚያመልጠው በላዩ በኩል፣ ይልቁንም በእንፋሎት ነው፤ አንድ ኪሎ ውሃ ተንኖ ሲሄድ ይዞት የሚሄደው ሙቀት 500 ኪሎ ውሃ በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ ከሚበቃው ይበልጣል። ስለዚህ ክዳኑ ሁለት ሥራ አለው፤ እንፋሎቱን ይከለክላል፣ ሙቀቱም በክዳኑ ውስጥ አልፎ እንዳይወጣ ያዘገያል። ለሁለተኛው ሥራ በውስጡ ፎም ይደረግበታል፤ ፎም ማለት እልፍ አእላፍ ጥቃቅን ጕድጓዶች ውስጥ የታሰረ አየር ወይም ጋዝ ነው፤ ይኸውም ያው የጥንቸሉ ጠጉር ነው። ግን ፎሙ በጊዜ ብዛት ውሃ ከጠጣ በአየሩ ቦታ ውሃ ስለ ገባ ክዳኑ ይከብዳል፣ ሙቀትንም መያዝ ያቅተዋል። ዳር ዳሩ በደንብ ካልገጠመም እንፋሎቱ በቀዳዳው ይወጣል። የሞሶባችን ክዳን አፉን ሞልቶ ሲገጥም እንጀራው ለምን ለስልሶ እንደሚቈይ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። በሙኒክ የመድፍ መሥሪያ ቤት መድፍ ሲቦረቦር ብረቱ እጅግ እንደሚግል ራምፎርድ አየ። በዚያን ዘመን የነበሩ አብዛኞቹ ሊቃውንት ሙቀት በነገር ውስጥ ተደብቆ የሚኖር፣ የማይታይ ፈሳሽ ነው ይሉ ነበር። እሱም የደነዘ መሰርሰሪያ አዘጋጅቶ መድፉን በውሃ ሣጥን ውስጥ አኖረና በፈረስ ኀይል አስዞረው። ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ ውሃው ያለ እሳት ፈላ። ቆመው ይመለከቱ የነበሩት ሰዎች ተደነቁ፤ ካውንቱም እንደ ልጅ መደሰቱን አልሸሸገም። ፈረሱ እስከ ዞረ ድረስ ሙቀቱ አላልቅ ካለ በብረቱ ውስጥ ተጠራቅሞ የነበረ ፈሳሽ ሊሆን አይችልም፤ ሙቀት የእንቅስቃሴ ዓይነት ነው አለ። ይህን በ1798 ዓ.ም. ለሮያል ሶሳይቲ አቀረበ። ሊቃውንቱ ሁሉ የተቀበሉት ግን እሱ ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

በ1799 ዓ.ም. በለንደን ሮያል ኢንስቲትዩሽን የተባለውን የሳይንስ ቤት ከሌሎች ጋር ሆኖ አቋቋመ፤ ወጣቱን ሃምፍሪ ዴቪንም ለመምህርነት አስመጣ። ጤናው ሲታወክ ሃሮጌት ወደምትባለው የጠበል ከተማ ሄዶ በሞቀ ውሃ ይታጠብ ጀመር፤ በዚያም ቢሆን ቴርሞሜትሩን አልተወም። የውሃውን ሙቀት፣ የሚቈይበትን ጊዜና ከዚያ በኋላ የሚሰማውን እየመዘገበ የሙቅ ውሃ መታጠብ ለጤና የሚጠቅም መሆኑን ጻፈ።

ከዚያ በፓሪስ ተቀመጠ። በዚህ ጊዜ ያደረገው አንድ ምርመራ መምህራችንን ሳይቀር አስገርሟል። የሚያበራ የነሐስ ዕቃ ሙቅ ውሃ ሞልቶ በአንዱ ላይ ስስ የበፍታ ጨርቅ አጥብቆ አለበሰው፣ ሌላውን ራቁቱን ተወው። ቶሎ የቀዘቀዘው የለበሰው ሆነ! የሚያበራ ብረት ሙቀቱን በጨረር አያባክንም፤ ጨርቁ ግን ያባክናል፤ አጥብቆ የተጣበቀ ስስ ጨርቅ ደግሞ የሚያስረው አየር የለውም። ነጭ ልብስ በክረምት ይሻላል ብሎ ስላመነም በፓሪስ መንገድ በክረምት ነጭ ለብሶ ሲሄድ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየው ነበር። ቡናም እጅግ ይወድ ነበር፤ ሳይፈላ ተጠልሎ የሚወርድበትንና ሙቀቱ የሚጠበቅበትን ማፍያ ሠርቶ ስለ ቡና ጥሩነት ብዙ ገጽ ጽፏል። ስለ ቡና ለእኛ የሚያስተምረን ባይኖርም ይህን ስናነብ ሰውየውን ትንሽ ወደድነው።

የመጀመሪያ ሚስቱ በ1792 ሞታ ነበርና የታላቁን የኬሚስትሪ ሊቅ የላቮአዚየን ሚስት፣ በአብዮቱ ዘመን መበለት የሆነችውን ማሪ አንን አገባ። እሷ እንግዳና ጨዋታ ትወዳለች፤ እሱ ጸጥታና አበባ ይወዳል። አንድ ቀን እንግዶቿን በር ዘግቶ ቢከለክልባት ሄዳ በሚወዳቸው አበቦች ላይ የፈላ ውሃ አፈሰሰች። ሙቀትን ሲያጠና ለኖረ ሰው ይህ ክፉ ቅጣት ነበር። በ1809 ዓ.ም. ተለያዩ።

ካውንት ራምፎርድ በነሐሴ ወር 1814 ዓ.ም. በፓሪስ አጠገብ በኦተይ ሞተ፤ የተቀበረውም በዚያ ነው። ለሃርቫርድ፣ በልጅነቱ በእግሩ እየሄደ ላዳመጠበት ኮሌጅ፣ ለሳይንስ ማስተማሪያ የሚሆን ገንዘብ ተናዞለት ነበር። በሕፃንነቷ ጥሏት የሄደው ልጁ ሣራ ካደገች በኋላ በ1796 ዓ.ም. ባሕር ተሻግራ አግኝታው በእንግሊዝና በባቫርያ አብራው ኖራለች፤ እየተጣሉም እየታረቁም። እሱ ከሞተ በኋላ ብዙ ዘመን ስትዘዋወር ቈይታ በመጨረሻ ወደ ኮንኮርድ ተመለሰች። ባል አላገባችም። በ1852 ዓ.ም. በተወለደችበት ቤት ስትሞት ቤቱ የሙት ልጆች ማሳደጊያ እንዲሆን ተናዛ ነበር።