ስሙ በአሞራ ላይ የቀረው ተጓዥ
(የኤድዋርድ ሩፔል አጭር የሕይወት ታሪክ)

የመጽሔቱ አዘጋጆች አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ ሲጠይቁኝ፣ እኔ የሱቅ ሰው ነኝ፣ ከዱቤ ደብተር በቀር የጻፍኩት የለም ብዬ ነበር። በኋላ ግን ባለፈው ነሐሴ ከልጆቻችን ጋር ያደረግነው ጉዞ ትዝ አለኝና እሺ አልኩ።

እንደምታውቁት በነሐሴ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ቤተሰቦቻችን ተሰባስበው ከናይሮቢ ወጣ ማለት ልማዳቸው ነው። ባለፈው የሄድነው ናይቫሻ አጠገብ ወዳለው ሄልስ ጌት ፓርክ ነበር። እዚያ በእግር መሄድ ስለሚፈቀድ ልጆቹ ወፍ እያዩ በገደሉ ሥር ሲጓዙ፣ አስጎብኚው ከላይ ነጭ ኩስ የወረደበትን ዓለት አሳያቸው። ጎጆው ላይ የተቀመጠው ትልቅ አሞራ የሩፔል አሞራ እንደሚባል ነገራቸው። እኔ ደግሞ በእኛ አገር ጥንብ አንሳ ነው የምንለው ብዬ ስናገር ልጆቹ ሳቁ። አንዷ ትንሽ ልጅ ግን ሳትስቅ፣ ሩፔል ማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። አላወቅሁም። ከአዋቂዎቹም መካከል የሚመልስላት አልተገኘም። ይህ ነገር ከነከነኝና ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ቆየሁ። ለካስ ሰውዬው በእኛው አገር ተራራና ሸለቆ ተመላልሶበት ኖሯል። ይህ ጽሑፍ ለዚያች ልጅ የዘገየ መልስ ነው። ዘመኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኤድዋርድ ሩፔል በኅዳር 1794 በጀርመን ፍራንክፈርት ከተማ ከሀብታም የባንክ ባለቤት ቤተሰብ ተወለደ። ቤተሰቡ ያሰበለት ንግድ ነበር። ነጋዴ ሆኜ ሳነበው ያስገረመኝ እዚህ ላይ ነው። በ1817 ወደ ግብጽና ወደ ሲና በረሃ ሄዶ፣ በካይሮ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረውን ሄንሪ ሶልትንና የስዊስ ተወላጁን ተጓዥ ቡርክሃርትን አገኘ። ሶልት ቀደም ብሎ ሁለት ጊዜ ትግራይ ደርሶ የተመለሰ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ የሩፔል ልብ ከንግዱ ወጣ።

ነገር ግን ሮጦ መንገድ አልገባም። በመጀመሪያ ወደ ጣሊያን ሄዶ በፓቪያና በጄኖዋ ስለ ዕፅዋትና ስለ እንስሳት ተማረ። ባሮን ፎን ዛክ ከተባለው የከዋክብት ሊቅም የአንድን ቦታ አቀማመጥ በሰማይ አካላት መለካትን ቀሰመ። በፍራንክፈርት በ1817 ከተቋቋመው የዜንከንበርግ የተፈጥሮ ምርምር ማኅበርም ጋር ተባበረ። አምስት ዓመት የማይሞላ ዝግጅት ነው፤ ሆኖም ኋላ የሠራው ሥራ ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

በ1821 ሚካኤል ሃይ ከሚባል ሐኪም ጋር የመጀመሪያውን ትልቅ ጉዞ ጀመረ። በ1822 የአቃባ ባሕረ ሰላጤ ደረሱ። ቀጥሎ አባይን ተከትለው ኑቢያ ገቡ፤ ሩፔል እስከ ኮርዶፋንም ዘለቀ። ወደ ኢትዮጵያ ለመግባት ያሰበው ግን ያን ጊዜ አልተሳካለትም። በ1827 ምጽዋ ድረስ ደርሶ ተመለሰ። ሕልሙን ደጃፍ ላይ ትቶ የተመለሰ ሰው ማለት ነው። ከመካከላችን ይህን የማያውቀው ማን አለ?

ሦስት ዓመት አገሩ ቆይቶ በ1830 እንደገና ተነሣ። በዚህኛው ጉዞ አብሮት የነበረው ቴዎዶር ኤርክል የተባለ ረዳቱ ነው። በ1831 ምጽዋ ሲደርሱ አገሩ በዘመነ መሳፍንት ብጥብጥ ላይ ነበር። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ ደጃዝማች ሱባጋዲስ በደብረ አባይ ጦርነት ተሸንፈው ስለተገደሉ፣ በትግራይ መንገዱ ሁሉ አስጊ ሆኖ ነበር። ሩፔል ወራት ጠብቆ በ1832 የጸደይ ወቅት ከነጓዙ ወደ ደጋው ወጣ። በአዲግራት በኩል አልፎ፣ የተከዜን ሞቃት ሸለቆ ተሻግሮ፣ የስሜንን ተራሮች ተያያዘው። ሸለቆው ያቃጥላል፣ ተራራው ያንዘፈዝፋል። ያም ጊዜ ክረምት ነበርና ዝናቡንና ጭጋጉን እዚያው ስሜን ላይ አሳለፈው።

የሰውዬው ስም የቆመው በዚያ ጉዞ ነው። ጭላዳን፣ ዋልያንና ቀይ ቀበሮን ለሳይንስ የገለጸው እሱ ነው። ሦስቱም ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር በዱር አይገኙም። ከወፎችም ጉሮሮው ላይ ሥጋ የሚያንጠለጥለውን፣ ማታ ማታ በቡድን እየጮኸ የሚያልፈውን ረጅም መንቁር ወፍ፣ አንገቷ ነጭ የሆነውን የደጋ እርግብ፣ መንቁሩ እንደ መጥረቢያ የወፈረውን ቁራና ሌሎችንም ብዙ መዝግቧል። ተራሮቹንም በመሣሪያ ለክቷል። በጥቅምት 1832 ጎንደር ገባና ወራት ተቀመጠ፤ የጣና ሐይቅንም አየ። በ1833 ወደ ምጽዋ ወርዶ በ1834 አውሮፓ ተመለሰ።

እውነቱን ለመናገር፣ ያን ጊዜ ወፍ ማየት ማለት እንደ ዛሬ በመነጽር አይቶ መሄድ አልነበረም። ሩፔል ወፉን በጠመንጃ ይጥላል፣ ቆዳው ይገፈፋል፣ ተሞልቶ ፍራንክፈርት ይላካል። የላከው ብዛት ያለው ስብስብ የዜንከንበርግን ቤተ መዘክር ስመ ጥር አድርጎታል። ከወፎቹ ጋር የተጓዙ ሌሎች ነገሮችም አሉ። ከአገራችን የሰበሰባቸውን የግዕዝ ብራና መጻሕፍት ለፍራንክፈርት ከተማ ቤተ መጻሕፍት አበረከተ። በሥርዓት ስለተጠበቁ ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ ይጠቀሙባቸዋል። ሆኖም የጎንደር ልጅ ያባቶቹን መጽሐፍ ለማየት የጀርመን ቪዛ ያስፈልገዋል። እኔ ይህንን በሚዛን ሳስቀምጠው አንደኛው ወገን ብቻ አይደፋልኝም። ከጥፋት ያተረፈውም እሱ ነው፣ ከአገር ያወጣውም እሱ ነው።

አንድ ነገር ግን ልመስክርለት። ዋልያንና ጭላዳን ለዓለም ሲያስተዋውቅ ሌላ ስም አልፈለገላቸውም። ባላገሩ የሚጠራቸውን ስም ይዞ በላቲን ፊደል ጻፈው። ቀይ ቀበሮንም በስሜን ስም ጠራው። በየመንገዱ ያገኘውን ገበሬና እረኛ እንደጠየቀና እንዳዳመጠ በዚህ ይታወቃል። ረዳቱንም አልረሳም። በደጋው ቁጥቋጦ የምናውቃትን ትልቋን ቆቅ በኤርክል ስም ሰየማት። የራሱን ስም በአሞራው ላይ ያኖረው ደግሞ እሱ ራሱ ሳይሆን፣ ሌላው ጀርመናዊ አልፍሬድ ብሬም ነው፤ ያውም በ1852።

አገሩ ከገባ በኋላ የጉዞውን ታሪክ በሁለት ቅጽ ከ1838 እስከ 1840 አሳተመ። በ1839 የለንደን ንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበር የወርቅ ሜዳሊያ ሸለመው። በ1845 ደግሞ በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ወፎች ላይ የጻፈው መጽሐፍ ወጣ። በኋለኛው ዕድሜው ከእንስሳት ጥናት ራቅ ብሎ ወደ ጥንታዊ ሳንቲሞች ጥናት አዘነበለ። በታኅሣሥ 1884፣ 90 ዓመት ሞልቶት፣ በተወለደባት ከተማ ዐረፈ።

አሞራው ግን ከሰውዬው በላይ ተጉዟል። በ1973 በኮትዲቯር አቢጃን ሰማይ ላይ ከ11,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ አንድ የመንገደኞች አውሮፕላን ከአሞራ ጋር ተጋጨ። አንዱ ሞተር ቢጎዳም አውሮፕላኑ በደህና አረፈ። የተገኘው ላባ ሲመረመር የሩፔል አሞራ ሆነ። በዚያ ከፍታ ሲበርር የተመዘገበ ሌላ ወፍ የለም።

ይህ ሰማይ የማይበቃው ወፍ ዛሬ ምድር ላይ እየጠፋ ነው። በ2015 የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እጅግ ከፍተኛ የመጥፋት አደጋ ካለባቸው ወፎች መካከል መደበው። ዋናው ምክንያት መርዝ ነው። ከብት አርቢው አንበሳና ጅብ ከብቱን ሲፈጁበት በበከተው ላይ መርዝ ያደርጋል። አንድ ጅብ ሊገድል ያስቀመጠው በከት ብዙ አሞራ ይጨርሳል። አሞራው ሲያልቅ ደግሞ በከቱ ሳይነሣ ይሸታል፣ ውሻ ይበዛል፣ በሽታም ይከተላል። እኛ በልጅነታችን ጥንብ አንሳ እያልን ድንጋይ የወረወርንበት፣ ያለ ደመወዝ የሚሠራ የጽዳት ሠራተኛ ነበር።

ለወላጆች አንድ ሐሳብ ላቅርብና ላብቃ። ልጆቻችን እዚህ ተወልደው የወፎችን ስም በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ ያውቃሉ። በአማርኛ የሚያውቁት ቁራና እርግብ ብቻ ነው፤ እሱም ከተገኘ። ሩፔል ከፍራንክፈርት ድረስ መጥቶ ከእረኛ የጠየቀውን ስም እኛ ለልጆቻችን ሳንነግር እንዳይቀር። በመጪው ነሐሴ ወደ ሸለቆው ስንወርድ ከደጋም ከቆላም የመጡ አባቶችና እናቶች አብረውን ይምጡ። እያንዳንዱን ወፍ በሰፈራቸው ምን እንደሚሉት ይንገሩን፣ ልጆቹም ይጻፉ። ደብተሩን ከሱቄ እኔ አቀርባለሁ፤ በዱቤም አይደለም።

ለ50ኛው ኢዮቤልዩ በሰላም ያድርሰን፤ ጥንብ አንሳውንም ጭምር።